የልጅ ዜማ

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ ለእትዬ ጀሚሊያ ባህሩዲን፣ ካለሽበት ጂዳ ይድረስሽ።

አሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። እትዬ፣ እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ እንዴት ሆነልሽ? ያ ደረጃ ባጠብሽ ቁጥር የሚቀሰቀስብሽ ሕመም ተወሽ ወይስ ዛሬም በኪኒን እያባበልሽው ነው? የምትጦሪያት አሮጊት በሌሊት መቀስቀሷን ተወች? እህል ይበላልሻል? ሙቀቱስ? እኛን ከጠየቅሽ አላህ ይመስገን ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ሁሉም በያለበት ውሎ ይገባል ማለቴ ነው። የእማማ ጉልበት ከዝናቡ ጋር ተመልሶ መጥቷል። የአባባም ሱቅ ሰው ይገባበታል እንጂ ዕቃ እንደ ድሮው አይወጣበትም። እኔም ሰውነቴ ደህና ነው፤ ሆዴ ግን ደህና አይደለም፤ ለዚህ ነው የምጽፍልሽ።

በስልክ ዘመን ወረቀት ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። አሠሪዎችሽ ስልክሽን የሚሰጡሽ ዓርብ ዓርብ ነው፤ ያችንም ጊዜ ልጅሽ ሂክማ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ለማንም አታስነካም። ደግ አደረገች፤ እናቷ ነሽ። እኔ የምነግርሽ ግን እሷ አጠገቤ ተቀምጣ የሚነገር አይደለም። ጎረቤታችን ጋሽ ሸምሰዲን ለሐጅ ሊሄዱ ስለሆነ በእጃቸው እልከዋለሁ። "በሬዲዮ የወጣውን ዘፈንሽን ላኪልኝ" እያልሽ በሂክማ በኩል ደጋግመሽ ጠየቅሽኝ፤ እኔም ኔትወርክ የለም እያልኩ አለፍኩሽ። ኔትወርክ ነበረ፣ እትዬ። ለመላክ አንጀት ያጣሁት በሌላ ምክንያት ነው፤ ከሥሩ ጀምሬ ልንገርሽ።

መቼም ሙዚቃን መርጬ እንዳልገባሁባት ታውቂያለሽ። ኮሌጁ ነው ውጤቴን አይቶ የመደበኝ። ምደባው የወጣ ቀን አባባ ሱቁን ዘግቶ ገብቶ "እንግዲህ ባህሩዲን ልጁን አዝማሪ አደረገ ሊባል ነው" ብሎ ራት ሳይበላ ተኛ። አንቺ ነሽ "ደመወዝ ደመወዝ ነው፤ ደግሞስ መንዙማ ዜማ አይደለም ወይ" ብለሽ ያረጋጋሽው። እስከ ዘንድሮ ድረስ ሰው ሲጠይቀው "አስተማሪ ናት" ብሎ ያቆም ነበር፤ የምን አስተማሪ ብለው ከቀጠሉበት ስለ ስኳር ዋጋ ያነሣል። እኔም ለምጄው ነበር። ይርጋጨፌ፣ ኮንጋ ቀበሌ ቤት ተከራይቼ፣ ሳምንቱን እዚህ ጭቃ ውስጥ ውዬ፣ ዓርብ ማታ ዲላ ወርጄ፣ ስለ ሥራዬ አንድ ቃል ሳይነሣ ሰኞ እመለሳለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ግድ አይሰጠኝም እል ነበር፤ ውሸቴን ነው።

በየካቲት፣ ለመንፈቅ ዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ ከየወረዳው የሙዚቃ አስተማሪ የተባልነውን ሁሉ ዲላ ሰብስበው የሙያ ማሻሻያ ሥልጠና ሰጡን። የተባልነውን ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ገሚሱ የስፖርት አስተማሪ ነው፤ የቀረው ክፍለ ጊዜ እንዲሞላለት ሙዚቃ የተጨመረለት ነው። ከአሪቻ የመጣው በፍቃዱ የሒሳብ አስተማሪ ሲሆን "እኔ የማውቀው ዜማ የማባዣ ሠንጠረዥ ነው" እያለ ሲያስቀን ሰነበተ። ትምህርቷ ራሷ ለብቻዋ መቆም ቀርቶባት ከሥዕልና ከቲያትር ጋር ተጠቅልላ በአንድ ረጅም ስም ትጠራለች፤ ስሙን ጠርተሽ ሳትጨርሺ ደወል ይደወላል። ለሁላችን የነበረን አንድ ኪቦርድ ነው። መብራት ሲጠፋ አሠልጣኙ ካርቶን አስቀድዶ የፒያኖ ቁልፎች አሳለንና ጣታችንን በካርቶኑ ላይ እንድናለማምድ አደረገ። ድምፁን በሆዳችሁ ስሙት አለን። አስቢው፣ አንድ አዳራሽ ሙሉ ሰው አንገቱን ደፍቶ ካርቶን ሲነካካ። ሳቄን ለመደበቅ ሻርፔን አፌ ውስጥ ከትቼ ነበር። ዛሬ ሳስበው አያስቀኝም።

አሠልጣኙ ክፉ ሰው አይደለም። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ድምፁ እስኪዘጋ የሚደክም፣ ምሳውን ከእኛ ጋር ተሰልፎ የሚበላ ሰው ነው። መሣሪያ የላችሁም፤ ዜማ ግን አላችሁ አለን። ለሁለተኛው ዙር እያንዳንዳችን ከምናስተምርበት ቀበሌ አንድ የልጆች ዜማ ፈልገን፣ ግጥሙን ትምህርት ሰጪ አድርገን፣ ተማሪዎቻችንን አስጠንተንና በስልክ ቀድተን እንድንመጣ አዘዘን። አንድ ነገር ደግሞ አጥብቆ ነገረን። በዜማው ውስጥ ባዶ ቦታ አትተዉ፤ ልጆች ባዶ ቦታ ካገኙ ይረብሻሉ፤ በጭብጨባ ሙሉት አለ። ሲናገር እውነት ይመስላል፤ ልጆች ያስተማረ ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ፣ እኔም ጭምር።

እዚህ ከተከራየሁበት ቤት ከፍ ብሎ፣ ወደ ቡና ማጠቢያው በሚወስደው የእግር መንገድ ዳር፣ ወይዘሮ አልጋነሽ የሚባሉ ሴት አሉ። ቆጮ የምገዛው ከሳቸው ነው። አማርኛቸው የገበያ አማርኛ ነው፤ የኔም ጌዴኦኛ የገበያ ጌዴኦኛ ነው። ስለ ዋጋ እንግባባለን፤ ከዚያ ሲያልፍ ሁለታችንም እንስቃለን። ለሴቱም ለወንዱም "አንተ" ነው የሚሉት፤ እኔንም "አንተ አስተማሪ" ይሉኛል፣ ደስ ይለኝ ነበር። ማታ ከትምህርት ቤት ስመለስ ከጓሯቸው ሲያዜሙ እሰማቸዋለሁ። የልጆች ዜማ ስባል መጀመሪያ ትዝ ያሉኝም ለዚህ ነው።

እንሰት እየፋቁ አገኘኋቸው። "የልጅ ዜማ ይሰጡኛል?" አልኳቸው። እጃቸው ቆመ። የልጅ? ብለው ጠየቁኝ፤ አዎ፣ የልጅ አልኳቸው። ምን ታደርግበታለህ ሲሉኝ፣ ተማሪዎቼ ሊዘፍኑት ነው፤ ካማረ ደግሞ በሬዲዮ ይወጣል አልኩ። ሬዲዮ ሩቅ አገር ይሰማል ወይ አሉኝ። እኔ ሬዲዮው ስንት ርቀት እንደሚደርስ የት አውቄ፤ ግን ደስ እንዲላቸው ብዬ አዎ፣ ሩቅ ይሰማል አልኳቸው። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው። ይህችን ቃሌን ያዢልኝ፣ እመለስባታለሁ።

እጃቸውን ተለቃለቁና ወደ መንገዱ ዞረው አዜሙልኝ። ዜማው ከታች ይነሣል፣ ቀስ እያለ ይወጣል፣ ጫፉ ላይ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ ዝም ነው። የሚቀጥለውን ስንኝ እስኪያነሡ ድረስ ረጅም ዝምታ ነበረው፤ በዝምታው መሀል ዓይናቸው ከመንገዱ አይነሣም። ትንፋሽ ያጠራቸው መሰለኝ። ፊታቸውን በክንዳቸው ሲጠርጉም የእንሰቱ ውሃ ተረጭቶባቸው ነው አልኩ። ሰው ማየት የፈለገውን ነው የሚያየው፤ እኔ ያን ቀን የፈለግሁት ዜማ ነበር። በስልኬ ቀድቼ፣ አመስግኜ፣ እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

ሲያምር ብታዪው። ቃላቸውን አውጥቼ ስለ እጅ መታጠብ ግጥም ከተትኩበት፤ ሳሙናው፣ ውሃው፣ ጥፍሩ፣ ሁሉም ልክ ልክ ገባ። በዝምታው ቦታ ላይ ሁለት ሁለት ጊዜ እንዲያጨበጭቡ አደረግሁ። ልጆቹ በአንድ ቀን ያዙት። ሰንደቅ ዓላማ ተሰቅሎ ሳያበቃ ራሳቸው ያነሡት ጀመር። ከዚያ በፊት ሙዚቃ ሲባል መስኮት መስኮት የሚያዩ ልጆች ናቸው። ዳይሬክተሩ እንኳ ከቢሮው ወጥቶ በረንዳው ላይ ቆሞ አዳመጠ። ወይዘሮ አልጋነሽ በትምህርት ቤቱ አጥር በኩል ማለፍ ትተው በላይኛው መንገድ መዞር መጀመራቸውን አይቼ ነበር። ጭቃውን ሸሽተው ነው ብዬ አለፍኩት።

በሚያዝያ ሁለተኛው ዙር ደረሰና የሁላችንም በተራ ተሰማ። የኔ ሲያበቃ አዳራሹ አጨበጨበ። አሠልጣኙ ተነሥቶ፣ ባዶ ቦታን መሙላት ማለት ይህ ነው ብሎ ደግሞ አሰማው። "የጌዴኦ ባህላዊ የልጆች ዜማ" የሚል ስም ወጣለትና ለየትምህርት ቤቱ እንዲላክ ተመረጠ። ለዝግጅቱ የመጡት የሬዲዮ ሰዎችም ከስልኬ ወሰዱት። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፤ ለሻይ ስንወጣ በፍቃዱ እጄን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደኝ። ያ ሁሉ ቀልድ ከፊቱ ጠፍቶ ነበር። ይህን ዜማ ከማን ወሰድሽው አለኝ።

በፍቃዱ ለካ የኮንጋ ልጅ ነው፤ የእናቱ ጓሮና የወይዘሮ አልጋነሽ ጓሮ ይዋሰናሉ። የአገሩ ዘፈን አይደለም፣ የልጆችም ዘፈን አይደለም፤ ራሳቸው ያወጡት ነው አለኝ። ባልቻ የሚባል ልጅ ነበራቸው። በሞያሌ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ መንገድ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። ከኬንያ አንድ ጊዜ ደውሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የለም። ሞተ የሚል መርዶ አልመጣ፣ አለ የሚል ድምፅ አልመጣ። ማታ ማታ የሚጣሩት እሱን ነው። በፍቃዱ ቃሉን ወደ አማርኛ መለሰልኝ። መሽቷል፣ ከብቱ ገብቷል፣ አንተስ የት ደረስክ? ይሉና ዝም ይላሉ። ዝናቡ መጣ፣ በሩን አልዘጋሁም፣ የት ደረስክ? ይሉና ዝም ይላሉ። እኔ የልጆች ለማለት የልጅ ብያለሁ። እሳቸው ደግሞ የልጅ ሲባሉ የሚያውቁት አንድ ልጅ ነው።

ይህን ስሰማ የሬዲዮ ሰዎቹ መኪና ገና ግቢው ውስጥ ነበር። ሄጄ መልሱልኝ ማለት እችል ነበር፤ አላልኩም። አባባ ይሰማኛል ብዬ ነው፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። እሑድ ጠዋት ሬዲዮኑን ከመደርደሪያው አውርዶ ባንኮኒው ላይ አኖረው። ስሜ ሲጠራ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ለገባው ሰው ሁሉ "ሙዚቃ ነው የምታስተምረው፤ የኔ ልጅ ናት" አለ። ሙዚቃ የሚለውን ቃል ከአፉ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። የሥልጠናውን የምስክር ወረቀትም በፍሬም አድርጎ ከሚዛኑ በላይ ሰቀለው። በዓርቡ ስትደውዪ ስልኩን ከሂክማ ተቀብሎ በደስታ ያጫወተሽ ይህንን ነው። እኔ ከጆንያዎቹ ኋላ ቆሜ ጭብጨባው በመጣ ቁጥር ዓይኔን እጨፍን ነበር።

ሰኞ ኮንጋ እንደደረስኩ ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ ወደ ወይዘሮ አልጋነሽ ወጣሁ። ይጮኹብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር። በርጩማ አቀረቡልኝ። ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው፣ በአማርኛም በሰባራ ጌዴኦኛዬም። እንዲህ አሉኝ፦ "አንተ ሬዲዮ ሩቅ ይሰማል አልከኝ። ልጅ ይሰማል ብዬ ሰጠሁ። ቃሉን ቀየርክ፣ ይሁን፤ ልጅ ዜማውን ያውቃል። እሱ አቤት የሚልበት ቦታ ላይ ግን ልጆች ያጨበጭባሉ። ባልቻ ቢመልስ እንዴት እሰማለሁ?"

እትዬ፣ ያ ሬዲዮ እንኳን ደቡብ አፍሪካ፣ እዚሁ አጠገባችን ቡሌ ሆራም በወጉ አይሰማም ልበላቸው? አላልኩም፤ ያንኑ ቃሌን ተሸክሜ ተቀመጥኩ። ስነሣ ቆጮዬን እንደ ወትሮው በኮባ ጠቅልለው ሰጡኝ። ቂም ቢይዙብኝ እኮ መልስ አገኝለት ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ በዚያ ሳልፍ ጓሯቸው ዝም ነው። አይጣሩም። ባልቻን የሚጠሩበትን እንኳ ወስጄባቸዋለሁ።

ለአሠልጣኙ ደወልኩለት። አውጡልኝ፣ የአንዲት እናት ሐዘን ነው አልኩት። ደነገጠ፤ በእውነት አዘነ። ግን በቴሌግራም ለየትምህርት ቤቱ ከተላከ ሰንብቷል፣ አሁን ማን ከማን ይሰበስበዋል አለኝ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እኔ ራሴ በራሴ ክፍል ጭብጨባውን ላስተዋቸው ብሞክር አልሆነልኝም። ፊት ለፊታቸው ስቆም እጃቸውን ከጭናቸው ሥር ያደርጋሉ፤ ወደ ሰሌዳው ዞር ስል ያጨበጭባሉ። እንዴት ልቆጣቸው፣ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ባለፈው ዓርብ ዲላ ስወርድ ሚኒባሱ ወናጎ ላይ ሰው ሊያወርድ ቆመ፤ ከትምህርት ቤት የተለቀቁ የማላውቃቸው ልጆች በመንገድ ዳር እየዘፈኑት ሄዱ። ሹፌሩም የጭብጨባው ቦታ ሲደርስ መሪውን ሁለቴ መታ መታ አደረገ። ዘፈን ማስያዝን ተምሬያለሁ፤ ማስረሳትን የሚያሠለጥን ግን አላገኘሁም።

ለአባባ በመጨረሻ ነገርኩት። ሬዲዮኑን አጠፋ። ቀጥሎ የጠየቀኝ ለቅሶ ተቀምጠውለታል ወይ ብሎ ነው። አልተቀመጡም፣ ሞቱ አልታወቀም አልኩት። "እንግዲያው ምን ብለን እንሄዳለን?" አለ። እውነቱን ነው። ለሞተ ሰው የሚባል ነገር አለን፤ ላልመጣ ሰው የሚባል የለንም። እማማ ብቻ ጉልበቴ ሲሻለኝ እኔ እሄዳለሁ፣ ምንም ሳልል አጠገቧ እቀመጣለሁ ብላለች። የምስክር ወረቀቱ አልወረደም፤ ግን ማናችንም ቀና ብለን አናየውም። ትናንት አንድ ደንበኛ ስለኔ ሲጠይቀው አባባ "አስተማሪ ናት" አለና ስለ ስኳር ዋጋ አነሣ።

የቀረኝ የሂክማ ነገር ነው። ዘፈኑን ከሬዲዮ ይዛዋለች። ለአረፋ ስትደውዪ ልትዘፍንልሽ ቆርጣ፣ በወንድማችን በሙሐሲን ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር እየተለማመደች ነው። የፊት ጥርሷ ስለወለቀ ሳሙና የሚለው ቃል ላይ ትንሽ ታፏጫለች። ተዪው ልላት አፌን ከፍቼ መለስኩት። ለእናትሽ አትዝፈኚ ብላት ለምን ትለኛለች። ለዚያ መልስ ለመስጠት የባልቻን እናት ልነግራት ነው፤ እሷ ደግሞ ይህን ሰምታ እማዬስ የት ደርሳለች ማለቷ አይቀርም። ያን ጥያቄ አልችለውም።

አባባ ሰላም ይልሻል፤ "ጤናዋን ትጠብቅ" ብሏል። እማማ ዱዓዋን ልካልሻለች፤ በየሶላቱ ቀድሞ የሚነሣው ስምሽ ነው። ስለ ጉልበቷ አትንገሪያት ብላኛለችና እንዳላነበብሽ ሁኚላት። ሙሐሲን አብዝቶ ሰላም ብሎሻል፤ በባጃጁ የኋላ መስታወት ላይ ስምሽን አስጽፎበታል፣ ፊደሉን ግን አጣመውበታል። የጋሽ ሸምሰዲን ባለቤትም፣ እነ ሲፈንም፣ ያንቺን ስም የሚያነሣ ሰፈርተኛ ሁሉ ሰላም ይልሻል።

ሂክማ ሰላምታዬን ለወረቀት አልሰጥም፣ ራሴ ነኝ የምነግራት ብላኛለች። ስለዚህ እትዬ፣ ለአረፋ ትዝፈንልሽ፤ አታቋርጫት፣ እንዳለቀስሽም አታሳውቂያት። እንዳታጨበጭብ "ስልኩን በሁለት እጅሽ ያዢ" እላታለሁ። ስንኙ አልቆ ዝም ስትል ኔትወርክ የተቋረጠ እንዳይመስልሽ። ያን ጊዜ አቤት በያት።

እህትሽ ሱመይራ ባህሩዲን
ኮንጋ፣ ይርጋጨፌ
ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.